ከመጨረሻው ርክክብ በኋላ

(ጡረታ ለወጡና ለመውጣት ለተቃረቡ መሐንዲሶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አንዳንዶቻችን ጡረታ ከወጣን ቆይተናል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ተራችሁን እየጠበቃችሁ ነው። ለሁላችንም የሚሆን አንድ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ።

በሙያችን ሁለት ርክክብ አለ። ግንባታው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይጠበቃል። በዚያ ዓመት ውስጥ ግድግዳው ከተሰነጠቀ፣ ቧንቧው ካፈሰሰ፣ በሩ አልዘጋ ካለ ሥራ ተቋራጩ ተመልሶ ያስተካክላል። ዓመቱ ሲሞላ የመጨረሻው ርክክብ ይፈረማል። ከተቋራጩ ክፍያ ለዋስትና የተያዘው ገንዘብ ይለቀቃል፣ ፋይሉ ይዘጋል፣ እኛም ወደ ሌላ ሳይት እንሄዳለን።

ሕዝቡ ግን ከዚያ ነገር ጋር መኖር የሚጀምረው ገና ያኔ ነው። የፓምፑ ጎማ የሚያልቀው እኛ ከሄድን በኋላ ነው። አሸንዳው በቅጠል የሚደፈነው፣ ቦዩ በደለል የሚሞላው፣ የታንከሩ ብረት መዛግ የሚጀምረው ሁሉ እኛ በሌለንበት ነው። አብዛኞቻችን ሥራችን ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ምን እንደሚመስል አይተን አናውቅም። ቸል ብለን አይደለም። በጀቱም ጊዜውም ለዚያ አልታሰበም። ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ የሚቀጥለው ሳይት ይጠራዋል።

ጡረታ የወጣ መሐንዲስን የሚጠራው ሳይት የለም። ይሄ ብዙዎቻችንን ያስፈራናል። እኔ ግን ትልቁ ሀብታችን እሱ ነው እላለሁ። ጡረተኛ መሐንዲስ ለማኅበረሰብ ሊሰጠው የሚችለው፣ ማንም ፕሮጀክት ሊገዛው የማይችለው ነገር፣ ተመልሶ መምጣት ነው። ዘንድሮ አይቶት የሄደውን ነገር ለከርሞ መጥቶ ያየዋል። ለዚያኛው ከርሞም እንዲሁ። ዛሬ የምናገረው በሙሉ ከዚህ አይወጣም።

ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ አላወራም፤ ያለፈበት ሁሉ ያውቀዋል። ስልክ መደወሉን ያቆማል። ጠዋት ተነስቶ የሚለበስ ልብስ ይጠፋል። ለዓመታት "ኢንጂነር" ሲባል የኖረ ሰው በስሙ ብቻ ሲጠራ አንድ ነገር የጎደለበት ይመስለዋል። አንዳንዱ የማማከር ሥራ ይጀምራል፣ መልካም ነው። አንዳንዱ ያርፋል፣ እሱም መብቱ ነው። እኔ የምናገረው እጁ ሥራ ለለመደና በነጻ ለመስጠት ለተዘጋጀ ሰው ነው።

እስቲ ስለ አንድ መሐንዲስ ልንገራችሁ። ቼዋንግ ኖርፌል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለደው በሰሜን ህንድ፣ በሂማላያ ተራሮች መካከል ባለው በላዳክ ነው። የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በመንግሥት የገጠር ልማት መሥሪያ ቤት ነው። መንገድ ሠርቷል፣ ድልድይ ሠርቷል፣ ቦይ ሠርቷል። ላዳክ በጣም ደረቅ አገር ነው። በሌህ ከተማ በዓመት የሚጥለው ዝናብና በረዶ አንድ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ገበሬው የሚኖረው ከተራራ ላይ በሚቀልጥ በረዶ ነው። ችግሩ ጊዜው አለመገጣጠሙ ነው። ዘር የሚዘራው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ከላይ ተራራው ላይ ያለው ግግር በረዶ በደንብ መቅለጥ የሚጀምረው ግን በሰኔ ነው። ሰው ውሃ በሚፈልግበት ሰዓት ውሃው ገና ድንጋይ ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ በጅረቱ የሚወርደው ውሃ ማንም ሳይጠቀምበት ያልፋል።

ኖርፌል ይህን ችግር ሲያሰላስል ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ያያል። ከቧንቧ የወጣው ውሃ ሜዳው ላይ በፍጥነት ሲወርድ አልረጋም። ዛፎቹ ጥላ ሥር ሲደርስና ሲያዘግም ግን በረዶ ሆኖ ተጋግሯል። ሌላ ሰው አይቶት ሊያልፍ ይችላል። እሱ ግን መሐንዲስ ነው፣ የውሃ ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ታዲያ የጅረቱን ውሃ በቦይ ጠልፎ ጥላ ወዳለበት የተራራው ጎን ወሰደው። እዚያ ድንጋይ በድንጋይ እየደረደረ ዝቅ ዝቅ ያሉ ክትሮች በደረጃ ሠራ። ውሃው በየደረጃው እየተንጣለለ ይዘገያል፣ ይረጋል፣ በላዩ ላይ ሌላ ውሃ ይመጣና እሱም ይረጋል። እንዲህ እየተነባበረ ብርዱ ሲያልፍ ትልቅ የበረዶ ክምችት ይሆናል። ቦታው ከተፈጥሮው ግግር ዝቅ ያለና ለመንደሩ የቀረበ ስለሆነ ቀድሞ ይቀልጣል። ውሃው ልክ በዘር ጊዜ ማሳው ይደርሳል። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1987 ፉክትሴ በተባለ መንደር ሠራው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ጡረታ ወጣ። የሰው ሰራሽ ግግሮቹ ሥራ ግን የሰፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በየመንደሩ እየዞረ ከአሥር በላይ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2015 አገሩ ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጠችው።

እኔን ከሽልማቱ ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሥራው ሁሉ ድንጋይና ቦይ ነው። ሲሚንቶ ቢጠፋ፣ ማሽን ቢጠፋ የመንደሩ ሰው በእጁ ሊጠግነው ይችላል። ሊጠግነውም ግድ ነው፤ ምክንያቱም ጎርፍ ይመጣል፣ ድንጋዩ ይናዳል፣ ቦዩ ይደፈናል። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ውሃውን ወደ ቦዩ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ጊዜ ተመርቆ የሚያልቅ አይደለም። በየዓመቱ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ኖርፌል ያንን አገር ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ ያውቀዋል፤ ዕድሜውን የፈጀበት ነው። ጡረታ ሲወጣ ያንን ሁሉ እውቀት ይዞ እዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። እኔ የውሃ ሰው ነኝ። የገጠር ውሃ አቅርቦት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ያሰባሰበው ግምት አለ። ከሰሃራ በታች ባሉ 20 አገሮች ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች 36 በመቶ ያህሉ ውሃ አይሰጡም ነበር ይላል። ከሦስት ፓምፕ አንዱ ቆሟል ማለት ነው። ይህን ስታስቡ ትልቅ ብልሽት አድርጋችሁ አትሳሉት። ብዙ ጊዜ ፓምፑን የሚያቆመው ትንሽ ነገር ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚስበው ፒስተን ላይ ያለ ጎማ ያልቃል፣ ኩሽኔታው ይበላል፣ የዘንጉ ብሎን ይላላል። ዕቃው ኪስ ውስጥ ይገባል። የጠፋው ቀድሞ የሚያይ ዓይን፣ መለዋወጫውን የሚያመጣ ሰውና ለእሱ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል እናቶች ወደ ወንዝ ይመለሳሉ።

ይህን ቀድመው የተረዱ መሐንዲሶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አፍሪዴቭ የሚባል የእጅ ፓምፕ ተነደፈ። ከእሱ በፊት በሰፊው የተሰራጨው ኢንዲያ ማርክ ሁለት ጠንካራ ፓምፕ ነው፤ ነገር ግን የፒስተኑን ጎማ ለመቀየር ጉድጓድ ውስጥ ያለው ቧንቧ በሙሉ መውጣት አለበት። ቧንቧው ከባድ ብረት ነው፤ ብዙ ጉልበትና የሰለጠነ ቡድን ይፈልጋል። አፍሪዴቭ ላይ ግን ፒስተኑና የታችኛው ቫልቭ በቧንቧው ውስጥ ተስበው ይወጣሉ። ቧንቧው ካለበት አይነቃነቅም። ዋናው መፍቻም አንድ ብቻ ነው። ነዳፊዎቹ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ሆነው የመንደሩን ጠጋኝ አስበውታል። ይህን አስተሳሰብ ነው ጡረተኛ መሐንዲስ ይዞ መግባት ያለበት።

አሁን አብሬው የምሠራው አንድ የውሃ ኮሚቴ አለ። በየወሩ አንድ ጠዋት ፓምፑ ጋ እንገናኛለን። ፓምፑን የሚጠብቁት አንዲት እናት ናቸው። የምናደርገው ነገር ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ሰዓትና ባልዲ ይበቃል። መጀመሪያ ውሃው ሳይቋረጥ እስኪወርድ እጀታውን ይጫናሉ። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ማንም አይነካውም። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ እንደገና ይጫናሉ፣ ውሃው በስንተኛው እንደመጣ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። እስከ 5 ድረስ ከመጣ ደህና ነው። ከ5 ካለፈ ታች ያለው ቫልቭ ውሃውን እየመለሰው ነው። ቀጥሎ ባልዲው ይቀመጣል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ 40 ጊዜ ይጫናሉ። ባልዲው ውስጥ የገባው ከ10 ሊትር ካነሰ የሆነ ነገር አልቋል ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም የፒስተኑ ጎማ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ይጻፋሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት ገና ሰላም ስንባባል "ኢንጂነር፣ እጀታው ከሰሞኑ ቀሎኛል" አሉኝ። ውሃው እንደ ወትሮው ይወርዳል። ለዓይን ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ባልዲውን አስቀምጠን ስንለካ ግን ከባለፈው ወር ቀንሷል። ፓምፑ ሲከፈት የጎማው ጠርዝ ተበልቶ ሳስቷል። ያን ቀን ባይታይ ኖሮ ትንሽ ቆይቶ መቆሙ አይቀርም ነበር። እኚህ እናት ሃይድሮሊክስ አልተማሩም። ፓምፑን ግን በእጃቸው ክብደት ያውቁታል። እኔ ያደረግኩት እጃቸው የነገራቸውን ነገር ደብተር ላይ ቁጥር ሆኖ እንዲቀመጥ ማገዝ ነው። ቁጥር ሲሆን ኮሚቴው ገንዘብ ለማውጣት አይከራከርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልበል። ያንን ጎማ የቀየርኩት እኔ አይደለሁም። የቀየረው የአካባቢው ጠጋኝ ነው፣ የድካሙንም ኮሚቴው ከፍሎታል። እኔ ልቀይረው እችል ነበር፣ በነጻ። ግን በነጻ በሠራሁ ቁጥር ያ ሰው እንጀራውን ያጣል። እንጀራውን ያጣ ጠጋኝ መፍቻውን ሸጦ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬ ገፍቷል። እኔ የታመምኩ ቀን ያ መንደር ጠጋኝም በጎ ፈቃደኛም የለውም። በጎ ፈቃድ ሰው የሚኖርበትን ሥራ የሚነጥቅ ከሆነ ደግነቱ ጉዳት አለው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ነጻ አገልግሎታችሁን ማንም ከፍሎ ሊያሠራው በማይችለው ቦታ ላይ አውሉት። ማስላት፣ መለካት፣ ማስተማር፣ የቀረበውን ዋጋ አይቶ "ይሄ በዝቷል" ማለት፣ ከመሥሪያ ቤት ጋር መጻጻፍ። እዚያ ላይ የእናንተን ያህል የሚጠቅም የለም።

ማስተማር ስል ማንን? በህንድ ራጃስታን ክፍለ ግዛት ውስጥ ቲሎኒያ በምትባል መንደር ቤርፉት ኮሌጅ የሚባል ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 በባንከር ሮይ የተመሠረተ ነው። ከብዙ አገሮች ገጠሮች ሴቶችን፣ በተለይ የልጅ ልጅ ያዩ እናቶችን አምጥቶ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ መግጠምና መጠገን ያስተምራል። ሥልጠናው ስድስት ወር ገደማ ነው። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ከአስተማሪዎቻቸው ጋርም በቋንቋ አይግባቡም። በቀለም፣ በምልክትና እጅ በእጅ በማሳየት ይማራሉ። ለምን አያቶች? ሮይ በአደባባይ ደጋግሞ የሚሰጠው ምክንያት አለ። ወጣቱ ወንድ ሰርተፊኬት ሲያገኝ ወደ ከተማ ይሄዳል። አያቲቱ ግን መንደሯን ለቅቃ አትሄድም።

ይህን ስሰማ የራሳችንን ነገር ነው ያየሁት። እኛም እኮ የማንሄድ ሰዎች ሆነናል። ዝውውር የለብንም፣ ዕድገት አንጠብቅም፣ የሚቀጥለው ጨረታ አያስቸኩለንም። ሥራ ላይ ሳለን እንደ ድክመት የሚቆጠረው ነገር፣ አንድ ቦታ መርጋት፣ አሁን ብቃት ሆነ። ዋናው ነገር የምናውቀውን ከእኛ በኋላም እዚያው ለሚቀር ሰው ማሳወቅ ነው።

ሁሉም ሰው የውሃ መሐንዲስ አይደለም፣ ሥራውም ሁሉ ትልቅ መሆን የለበትም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረ ሪማፕ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። በጎ ፈቃደኞቹ ውስጥ ጡረታ የወጡ መሐንዲሶች ብዙ ናቸው። ሥራቸው ለአንድ አካል ጉዳተኛ፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን መሣሪያ መሥራት ነው። ገበያ ላይ የሌለ ነገር ማለት ነው፤ ፋብሪካ ለአንድ ሰው ብሎ አያመርተውም። ሰውየው ቤት ይሄዳሉ፣ እጁ የቱ ጋ እንደሚደርስ ይለካሉ፣ ሠርተው በነጻ ይሰጡታል፣ ካልሆነለት ያስተካክሉታል።

ዊልቸር የሚወጣበትን ራምፕ ውሰዱ። ብዙ ሕንጻዎች በር ላይ ራምፕ አለ፤ ግን ብዙዎቹ በዊልቸር አይወጡም። ለምን? ዳገታቸው በጣም የበረታ ነው። በብዙ አገር የተለመደው መለኪያ 1 ለ12 ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። መግቢያው ላይ 45 ሴንቲ ሜትር ደረጃ ካለ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 መሆን አለበት። ሠሪው ቦታ ጠበበኝ ብሎ 2 ሜትር ካደረገው ዊልቸር ላይ ያለው ሰው ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ላይ ደግሞ በሩ ፊት ለፊት ወንበሩ የሚቆምበት ሜዳ ያስፈልጋል። ከሌለ ሰውየው በአንድ እጁ በር እየከፈተ በሌላው ጎማውን መያዝ ሊኖርበት ነው። ይህን ሁሉ እኛ በሜትርና በእርሳስ በአንድ ከሰዓት እንጨርሰዋለን። ትምህርት ቤቱ ወይም ጤና ጣቢያው ግን ለዚህ ብሎ አማካሪ አይቀጥርም። እዚያ ነው ቦታችን። ሲሚንቶው ሳይፈስ መድረስ ከቻልን ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነው! አንድ ልጅ ማንም ሳይሸከመው ክፍል ይገባል።

ስለ ወሰናችንም ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ደግ ሰዎች ይቸገራሉ። ነጻ አገልግሎት ማለት ዝቅ ያለ ደረጃ ማለት አይደለም። በክፍያ ብትሠሩት የማትፈርሙበትን ነገር በነጻም አትፈርሙ። ፎቅ ልንጨምር ነው፣ መሠረቱ ይችላል ወይ ብለው ቢጠይቋችሁና መሠረቱ ተቆፍሮ ካልታየ "አላውቅም" በሉ። የሙያ ፈቃዳችሁ ካልታደሰም የፈቃድ ሥራ አትንኩ፤ ፈቃድ ያለውን ባልደረባ ጥሩ። የመብራት ነገር ሲሆን የውሃ መሐንዲስ ከጉጉት በላይ አይሂድ። ሰዎች በጣም ስለሚያምኑን እምቢ ማለት ይከብዳል። ግን እምነቱ የመጣው ከሙያው ነው፣ ሙያው ደግሞ ልክ አለው።

ገንዘብ ያዥ አትሁኑ። ሊቀመንበርም አትሁኑ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። መሐንዲሱ ሊቀመንበር ሲሆን ስብሰባው ላይ ሌላው ሰው ማሰብ ያቆማል። ሁሉም ዞሮ እሱን ያያል። ከጎን ሆናችሁ ሲጠይቋችሁ መልሱ። መጀመሪያ በሄዳችሁባቸው ቀናት ደግሞ ጠይቁ እንጂ መፍትሔ አትስጡ። ውሃው የሚጠፋው በስንት ሰዓት ነው? ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚያድረው? ባለፈው ሲበላሽ ማን ጠገነው? ከዲዛይን ሥዕሉ የበለጠ የሚነግሯችሁ እነዚህ መልሶች ናቸው።

ዕድሜያችንን በተመለከተ ደግሞ አንድ የጃፓን መሐንዲስ የተናገረው ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 የመሬት መንቀጥቀጡና ሱናሚው የፉኩሺማ ዳይቺን የኒውክሌር ጣቢያ ሲጎዳው፣ ያሱቴሩ ያማዳ የ72 ዓመት ጡረተኛ ነበር። የሥራ ጓደኞቹንና የሚያውቃቸውን ሰዎች ጠርቶ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አቋቋመ። ከ200 በላይ ሰው ተመዘገበ። ክርክሩ ግልጽ ነበር። ከጨረር የሚመጣ ካንሰር ለመታየት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ እሱ ደግሞ የሚጠብቀው ዕድሜ ከዚያ ያጠረ ነው። ስለዚህ ወጣቶቹ ከሚገቡ እኛ እንግባ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከማናችንም አይጠየቅም። ግን የሐሳቡን አካሄድ አስተውሉ። ያማዳ ዕድሜውን እንደ ጉድለት አልቆጠረውም። አስልቶ፣ እንደ መሐንዲስ፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚመች አገኘው።

ጂሚ ካርተርንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰው የሚያውቀው በፕሬዚዳንትነቱ ነው። ከዚያ በፊት ግን በአሜሪካ ባሕር ኃይል የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ፕሮግራም ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ከሥልጣን ከወረደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሃቢታት ፎር ሂውማኒቲ ከተባለው ድርጅት ጋር መዶሻ ይዞ ቤት ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በ95 ዓመቱም ሳይት ላይ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን ጊኒ ዎርምን፣ በመጠጥ ውሃ የሚተላለፈውን የትል በሽታ፣ ለማጥፋት የተሠራው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እሱ ያቋቋመው የካርተር ማዕከል ዘመቻውን መምራት ሲጀምር በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይያዝ እንደነበር ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ የተመዘገበው የሰው ሕመምተኛ 14 ብቻ ነበር። ክትባት የለውም፣ የሚያድን መድኃኒት የለውም። የተሠራበት ነገር የውሃ ማጣሪያ ጨርቅ፣ የውሃ ምንጭ መጠበቅ፣ ትምህርት፣ ደግሞም መንደር ለመንደር እየተመለሱ አዲስ ሕመምተኛ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። የመንደር በጎ ፈቃደኞች ለአሥርተ ዓመታት ሳይሰለቹ ጠይቀዋል። ጨርቁ ተቀዶ እንደሆነ አይተዋል። በየትኛው ርክክብ ላይ ነው ይሄ የሚፈረመው?

ስለ ሰውነታችንም እናስብ። ታንከር ላይ መውጣት ትቻለሁ። ጉድጓድ ውስጥ መውረድም ትቻለሁ፤ አየር የሌለው ጉድጓድ ጎበዝም ሽማግሌም አይመርጥም። ታች ሆኜ አያለሁ፣ ወጣት ይወጣል፣ የደህንነት ቀበቶው መታሰሩን እኔ አረጋግጣለሁ። ቤተሰብም አለ። ባለቤቶቻችን ጡረታችንን ለዓመታት ጠብቀውታል። የጠበቁን ለሌላ ኮሚቴ ሊሰጡን አይደለም። ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ቀኑ ተነጋገሩ። በወር አንድ ቀን ከሆነ አንድ ቀን ይሁን፤ ግን ሳይቋረጥ። ለሕዝቡም የሚሻለው በየወሩ የሚመጣ ሰው ነው፣ አንድ ወር ሙሉ ከርሞ የሚጠፋ ሰው ብዙም አይጠቅመውም።

ብቻችሁንም አትሁኑ። ከመጀመሪያው ቀን አንድ ወጣት መሐንዲስ ይዛችሁ ሂዱ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ተማሪም ይሆናል። እኔ ጋ አንዲት ልጅ ትመጣ ነበር፤ አሁን ተመርቃ ሥራ ይዛለች፣ ያም ሆኖ አልቀረችም። መጀመሪያ ላይ ሰዓት ያዥ ነበረች። ከዚያ ደብተሩን ወሰደች። ቆይታ ደግሞ አንድ ዓምድ ጨመረችበት። ፓምፑ ለጥገና በተከፈተ ቁጥር ክብደት የታሰረበት ገመድ ወደ ጉድጓዱ አውርዳ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ ትለካለች። እኔ የምከታተለው ፓምፑን ነበር፤ እሷ ጉድጓዱን መከታተል ጀመረች።

የእሷ ዓምድ አሁን አንድ ነገር እያሳየ ነው። በደረቁ ወራት ውሃው ካለፉት ዓመታት ይልቅ ዝቅ እያለ ነው። ፒስተኑ ያለበት ሲሊንደር በአንድ ቧንቧ ያህል፣ ማለትም በ3 ሜትር፣ ወደ ታች ይውረድ የሚል ሐሳብ አቅርባለች። ኮሚቴው ደግሞ መጀመሪያ በአካባቢው ያለው ሌላ ጉድጓድ ይለካ ይላል፤ እነሱም ልክ ናቸው። ፓምፑን የሚጠብቁት እናት ሲሊንደሩ ሲወርድ እጀታው እንደሚከብድ ስለሚያውቁ ውሃ የሚቀዱ ልጆች ይችሉታል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ይህን ጥያቄ ከእኛ ከሁለታችን ማናችንም አላነሳነውም ነበር። በሚመጣው ወር ስብሰባ ይቀመጣሉ። እኔም እሄዳለሁ፤ ስሌቱን ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።